የሰባተኛው ማይክሮስኮፕ ፀጉር

ኮሌጁ ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቀው የሠራተኞች ማኅደር ክፍል ብቻ ነው። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ በር ጠባቂውም «እትዬ ስላይድ» ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም። ያወጣላት ሰው ዛሬ የሆነ ቦታ ሐኪም ሆኖ ይሆናል፤ ወይም ባዮሎጂ አልገባ ብሎት ሕግ ተምሮ ይሆናል። እሷ ግን ስሙን አልጠላችውም። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስላይድ የሚባለውን የማይክሮስኮፕ መስተዋት ስታጥብ፣ ስትወለውል፣ ስትሠራና የተሰበረውን ከወለል ላይ ስትለቅም የኖረች ሴት ሌላ ምን ልትባል ኖሯል?

የሥራ መደቧ «የላብራቶሪ ረዳት» ነው። ማንን እንደምትረዳ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትገባለች። ከወገቧ የማይለየውን ቁልፍ አውጥታ በሩን ትከፍትና አሥሩን ማይክሮስኮፖች አንድ በአንድ ከላስቲክ ልብሳቸው ታወጣለች። መስኮቱ ሥር፣ ውሃ በተሞሉ ብርጭቆዎች አፍ ላይ፣ ሽንኩርቶች ተደርድረው ሥር ያበቅላሉ። የሥሩን ጫፍ በምላጭ ቆርጣ፣ ቀለም አጠጥታ፣ በሁለት መስተዋት መሐል አድርጋ በአውራ ጣቷ ትጫነዋለች። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ አውራ ጣት ላይ ነው። ትንሽ ከበዛ መስተዋቱ ይሰበራል፤ ትንሽ ካነሰ ሕዋሶቹ እላይ በላይ ይደራረቡና ማንም ምንም አያይም። ምን ያህል መጫን እንደሚያስፈልግ የሚናገር መጽሐፍ የለም። እሷም ሲጠይቋት «እስኪበቃው» ከማለት ሌላ መልስ የላትም።

ከዚህ ሌላ በሆዷ የምትኮራበት አንድ ነገር ነበራት። የኮሌጁ ማይክሮስኮፖች ጠቋሚ አልነበራቸውም። ጠቋሚ ማለት ዐይን በሚያርፍበት ሌንስ ውስጥ የምትታይ ቀጭን መስመር ናት፤ መምህሩ «መስመሯ ጫፍ ላይ ያለውን ሕዋስ ተመልከቱ» እንዲል። መስመሯ ከሌለች፣ ከሚታዩት ሃምሳ ሕዋሶች መሐል የትኛው እንደተፈለገ ለማወቅ መተንበይ ያስፈልጋል። ለጠቋሚ የግዥ ጥያቄ ቀረበ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባለ። በዓመቱ እንደገና ቀረበ፤ እንደገና ጆሮ ዳባ ልበስ። በሦስተኛው ዓመት እትዬ ስላይድ ሰለቻትና ከራሷ ላይ አንድ ፀጉር ነቀለች፤ በልኩ ቆርጣ፣ ሌንሱን ፈትታ፣ በጥፍር ቀለም ጠብታ ለጠፈችው፤ ለቀሩት ዘጠኙም እንዲሁ። ዕድሜዋን ሙሉ ጥፍሯን ቀብታ የማታውቅ ሴት ከኪሷ የጥፍር ቀለም የማይጠፋው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ላብራቶሪ ያለፈ ሁሉ የሕይወትን ምሥጢር ያየው በእሷ ፀጉር እየተመራ ነው። ይህን በምረቃው ቀን ያነሳላት ግን የለም።

ፀጉሯ አንድ ክፉ አመል አላት። ሌንሱ ሲዞር አብራ ትዞራለች። ተማሪ ግንባሩን ወይም መነጽሩን ባስጠጋ ቁጥር ሌንሱ በትንሹ ይንሸራተትና፣ ከአሥር ሰው በኋላ ጠቋሚዋ ከታሰበላት ሕዋስ ርቃ ሄዳ ሌላ ሰፈር ትገኛለች። ስለዚህ ፈተና ሲሆን ሌንሱን በትንሽ ፕላስተር መያዝ የግድ ነው። እትዬ ስላይድ ለዚህ የሚሆኑ የፕላስተር ቁራጮች ጠዋት ቆርጣ ግራ እጅጌዋ ላይ ለጥፋ ትውላለች። ገበያም ስትሄድ፣ ለቅሶም ስትሄድ እጅጌዋ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ደብዳቤ መጣ። «ውድ ባልደረባችን» ብሎ ይጀምርና፣ የሠራተኞችን አቅም መገንባት የኮሌጁ ቀዳሚ ዓላማ መሆኑን አትቶ፣ በላብራቶሪ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር «የባዮሎጂ መሠረታዊ ፅንሰ-ሐሳቦች» የተባለውን ትምህርት ተምሮ ማለፍ እንዳለበት ይገልጻል። ያላለፈ ሰው «ለዝንባሌው ወደሚስማማ የሥራ ዘርፍ» ይዛወራል። የሚስማማው ዘርፍ ዕቃ ግምጃ ቤት መሆኑ የተጻፈው ከታች፣ በትናንሽ ፊደል ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይሉ የለ?

ግምጃ ቤቱን ታውቀዋለች። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮችና የማይጽፉ ሰሌዳዎች የሚሄዱበት፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ክፍሉን እንኳ አልፈራችውም። የፈራችው ቁልፉን ማስረከብ ነው። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋት የሚያስነሳት፣ ቀና ብላ የሚያስኬዳት ያ ቁልፍ ነበር። ያለ እሱ ጠዋት ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም።

ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሄዳ ደብዳቤውን አሳየችው። ኃላፊው ሳቅ ብሎ ትከሻዋን መታ መታ አደረገና «እኔ እያለሁ ማን ይነካሻል?» አላት። ሰውየው በአምስት ዲኖች ሥር ከወንበሩ ሳይነቃነቅ የኖረ ነው። እትዬ ስላይድ ደስ ብሏት ወጣች፤ ግን ለጥንቃቄ ደብተር ገዛች።

ችግሩ አንደኛ ዓመት ላይ የገዛ ልጇም ነበረች። እናትና ልጅ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ትምህርት ተመዘገቡ ማለት ነው። ልጅቷ ይህን የሰማች ዕለት ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሳች። በኋላ ተመልሳ ውል አቀረበች፤ እናቷ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፣ እሷ ከኋላ፤ እናቷ አታናግራትም፣ እሷም እንደ ሰው ሁሉ «እትዬ» ነው የምትላት። እትዬ ስላይድ በውሉ ተስማማች። ልጅ በእናቷ ብታፍር አዲስ ነገር አይደለም፤ እሷም በልጅነቷ እናቷ ገበያ መሐል ስትጠራት ያልሰማች መስላ አልፋ ታውቃለች።

መምህሩ ደግሞ የቀድሞ ተማሪ ነው። ማለትም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እዚያው ላብራቶሪ ገብቶ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ አቀርቅሮ፣ ረዥም ጅራት ያለው የሽንኩርት ሕዋስ በደብተሩ ላይ ሲስል የተገኘ ልጅ ነበር። ያኔ እትዬ ስላይድ ሰው ሳይሰማ ጠጋ ብላ «ጅራቱን ተወው፤ እሱ የእኔ ፀጉር ነው» አለችው። ጅራቱን አጠፋው። ይህን ወሬ ለማንም አላወጣችውም። አሁን በክፍል ውስጥ «እርስዎ» ትለዋለች፤ ላብራቶሪ ሲገባ «አንተ፣ እጅህን ታጥበሃል?» ትለዋለች። እሱ በሁለቱም ቦታ «እትዬ» ነው የሚላት፤ ከፊቷ ሲቆምም ዛሬም እጁን ያያል።

ትምህርቱ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀን መምህሩ «ሕዋስ የሕይወት መሠረት ነው» ሲል ሁሉም ጻፈ፤ እሷም ጻፈች። በልቧ ግን «ይህን ለማወቅ ነው ይህ ሁሉ ሰልፍ?» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ማይቶኮንድሪያ መጣ። ተማሪው ሁሉ «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ» እያለ በአንድ ድምፅ ይደግማል። እትዬ ስላይድ እጇን አወጣችና የት እንደሚገኝ ጠየቀች። መምህሩ ሕዋሱ ውስጥ ነው አላት። «ሃያ አራት ዓመት አይቻለሁ፤ አይቼው ከሆነ ዐይኔን ግንባር ያርገው» አለች። መምህሩ በእኛ ማይክሮስኮፕ እንደማይታይ፣ ነገር ግን መኖሩ በሌላ መሣሪያ የተረጋገጠ መሆኑን በትሕትና አስረዳት። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን ተቀየመች። ሳይታይ የሚታመን ነገር ሃይማኖት ብቻ ይመስላት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ባዮሎጂ ነው።

ሲውል ሲያድር ግን ነገሩ ይጥማት ጀመር። ሽንኩርቷ በበቀለች ቁጥር ውስጧ ያሉት ክሮች መሐል ላይ ተሰልፈው፣ ከዚያ ለሁለት ተከፍለው እኩል እንደሚሄዱ አይታ ታውቃለች፤ ለምን እንደሚሰለፉ ግን ጠይቃ አታውቅም። ለካስ አንዱም ሳይጎድል ለሁለቱም ወገን እንዲደርስ ነው። ሰልፉ ሜታፌዝ ይባላል። እጇ የሚያውቀው ነገር ስም እንዳለው፣ ምክንያትም እንዳለው ስታውቅ ደነገጠች። የተፈጥሮ ምርጫ በተማሩ ጊዜ ደግሞ፣ ለአካባቢው የተስማማ ይቆያል፣ ያልተስማማ ይጠፋል ሲባል፣ ወዲያው ትዝ ያላት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ምሳሌ ስጡ ቢባል ልትሰጥ ነበር፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው።

ማታ ማታ እራት ከተነሳ በኋላ ልጅቷ ታስጠናታለች። ቤት ውስጥ ውሉ አይሠራም። ልጅቷ ቁጡ አስተማሪ ናት፤ ውሃ ቀጠነ ብላ የምትነሳ። እናቷ ዲ.ኤን.ኤን ለመግለጽ «እንግዲህ ያው ክር ነው» ስትል ልጅቷ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ እናትም በሌላኛው ቀን ልጇ ስላይድ ስትይዝ ጣቷን መስተዋቱ መሐል ላይ ስታደርግ አይታ እጇን ትመታታለች። ደስ የሚሉ ምሽቶች ነበሩ። ልጅቷም እናቷም ይህን አንዳቸው ለሌላቸው አልተናገሩም።

የዘር ውርስ የተነሳ ቀን ጉድ ፈላ። መምህሩ ማንኛውም ልጅ ካለው ነገር ግማሹን ከእናቱ፣ ግማሹን ከአባቱ እንደሚወስድ ካስረዳ በኋላ፣ ሳያስበው «ለምሳሌ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ብናያቸው» አለ። ተማሪው ሁሉ አብሮ ዞረ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ያለችውን ሰፊ ግንባር አዩ፤ ቀጥለው ከኋላ ያለችውን ሰፊ ግንባር አዩ። ለካ ሁሉም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። ልጅቷ ደብተሯን ፊቷ ላይ አደረገች። ያን ዕለት ማታ አላስጠናቻትም።

የፈተናው ሰሞን ሌላ ጣጣ መጣ። የተግባር ፈተናውን በየዓመቱ የምታዘጋጀው እትዬ ስላይድ ናት። ዘንድሮ ግን ተፈታኝ ሆናለችና፣ በደንቡ መሠረት ተፈታኝ ፈተና ማዘጋጀት አይችልም ተባለ። ነገሩ እውነት ነው፤ ክርክር የለውም። ከኮምፒውተር ክፍል አንድ ሰው ተጠርቶ በቦታዋ ተተካ። ጨዋ፣ ረጋ ያለ፣ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ ሰው ነው። እትዬ ስላይድ ስላይዶቹን ቀደም ብላ ሠርታ በሣጥን ሰጥታው ነበር፤ ስለ ፕላስተሩ ግን አልነገረችውም። መደበቋ አይደለም። ሰው ጫማውን ሲያጠልቅ ክሩን ማሰር እንዳለበት ይነገረዋል እንዴ?

የፈተናው ቀን አሥሩ ማይክሮስኮፖች በረዥሙ ጠረጴዛ ላይ ተደረደሩ። ተማሪዎቹ በአሥር በአሥር ሆነው በሦስት ዙር ይገባሉ። በየማይክሮስኮፑ ሁለት ደቂቃ አይተው መልሳቸውን ይጽፋሉ፤ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ግድግዳው ላይ «ዐይን እንጂ እጅ አይፈቀድም። ማይክሮስኮፕ የነካ ዜሮ ያገኛል» የሚል ማስታወቂያ አለ። የጻፈችው ራሷ እትዬ ስላይድ ናት፤ ከአሥር ዓመት በፊት፣ በቀይ እስክሪብቶ።

እሷ በሁለተኛው ዙር ገባችና ከአራተኛው ማይክሮስኮፕ ጀመረች። አራተኛው ቀላል ነበር። አምስተኛውም። ስድስተኛው ላይ ያለውን የቅጠል ቁራጭ እንኳን ስሙን፣ ከየትኛው ዛፍ እንደቀነጠሰችው ታውቃለች። ደወሉ ተደወለና ሰባተኛው ጋ ደረሰች። ጥያቄው «ጠቋሚው የሚያሳየው ሕዋስ በየትኛው የክፍፍል ደረጃ ላይ ይገኛል?» ይላል።

ዐይኗን አስጠጋች። ፀጉሯ ከቦታዋ ጠፍታለች። ከታሰበላት ሕዋስ ርቃ፣ ዳር ላይ ባለች የአየር አረፋ ላይ ጫፏን ደግፋ ተጋድማለች። እትዬ ስላይድ ቀና ብላ ሌንሱን አየች። ፕላስተር የለውም።

መልሱን ታውቀዋለች። ስላይዱን የሠራችው እሷ ናት፤ የተፈለገው ሕዋስ ከመሐል በስተግራ ሦስተኛው መሆኑን በጨለማም ትናገራለች። «ሜታፌዝ» ብላ ጽፋ ማለፍ ትችል ነበር፤ ጻፈችም። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ቆመች። ከእሷ በፊት አሥራ ሦስት ሰው እዚህች አረፋ ላይ አፍጥጦ አልፏል። ከእሷ በኋላ አሥራ ስድስት ሰው ሊያፈጥ ነው። ማስታወቂያው ፊት ለፊቷ ነበር። እጇ ግን ማስታወቂያ አያነብም። ሄደና ሌንሱን ያዘ፤ በቀስታ ወደ ግራ መለሰው፤ ፀጉሯ መጥታ ሦስተኛው ሕዋስ ላይ ቀጥ አለች። ከግራ እጅጌዋ አንድ የፕላስተር ቁራጭ ላጠች፤ ለጠፈች፤ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። እስኪበቃው።

አመል ያወጣል ከመሐል። ከሬጅስትራር የመጣው ተቆጣጣሪ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ያያት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ወረቀትዎን ይስጡኝ» አላት። ሰጠችው። ስትወጣ በሩ ላይ ሦስተኛው ዙር ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ልጇም መሐላቸው አለች። በውላቸው መሠረት አላናገረቻትም።

ልጅቷ ሰባተኛው ማይክሮስኮፕ ጋ ስትደርስ ፕላስተሩን አየችው። ከቤታቸው መቀስ በቀር እንደዚያ ጫፉን ሰያፍ አድርጎ የሚቆርጥ መቀስ የለም። ዐይኗን አስጠግታ አየች፤ ሜታፌዝ ነው፤ ጻፈች። ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን ወርውራ እናቷ ፊት ቆመች።

«መልሱን ታውቂው ነበር። ለምን አልተውሽውም?»

እትዬ ስላይድ ቦርሳውን ከወለል አነሳች። «ለእኔ ብለሽ ነው? ከኋላ እንዳለሁ ስለምታውቂ ነው?» አለች ልጅቷ፤ ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

እናት «አዎ» ብትል ያምር ነበር። ግን መዋሸት አታውቅበትም። «አንቺንስ አላሰብኩም ልጄ። ጠምሞ አየሁት፤ አቃናሁት» አለች።

ኮሚቴ ተሰየመ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የሬጅስትራሩ ሰውና መምህሩ ናቸው። መምህሩ የሠላሳውን ተማሪ የመልስ ወረቀት ይዞ ገባ። ከእትዬ ስላይድ በፊት ያዩት አሥራ ሦስቱ ለሰባተኛው ጥያቄ ምን እንደመለሱ አነበበ። አራቱ «የአየር አረፋ» ብለዋል። ሁለቱ ከሰልፉ የሚቀድመውን ደረጃ፣ «ፕሮፌዝ»፣ አንዱ «ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ»፣ አንዷ «የሞተ ሕዋስ፤ ነፍሱን ይማር» ብላለች። አራቱ ባዶ ትተውታል። «ሜታፌዝ» ያለው መጀመሪያ ያየው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ከእሷ በኋላ ያዩት አሥራ ስድስቱ ግን፣ አንድም ሳይቀር፣ «ሜታፌዝ» ብለዋል። መምህሩ ወረቀቶቹን በሁለት ክምር ለይቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ሙከራ የምንለው ይህንን ነው፤ ስላይዱ ያው፣ ማይክሮስኮፑ ያው፣ ክፍሉ ያው፤ በመሐል የተለወጠው የእሷ እጅ ብቻ ነው አለ።

የሬጅስትራሩ ሰው ሁለቱን ክምር በጥሞና ተመለከተ። «ስለዚህ መንካቷን አንተም አረጋግጠሃል» አለና ጻፈ።

መምህሩ አላረፈም። የጽሑፍ ፈተናዋን ውጤት አወጣ፤ ከስድሳ አርባ አንድ። ስለ ማይቶኮንድሪያ «እኔ አላየሁትም፤ መኖሩን ግን ተምሬአለሁ» ብላ ግማሽ ነጥብ ያገኘችበትም እዚያው ውስጥ አለ። ከሰባተኛው በፊት ያየቻቸው ሦስት ማይክሮስኮፖች ሁሉም ትክክል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አራት ነጥብ። አርባ አንድና አሥራ ሁለት ሃምሳ ሦስት። ማለፊያው ሃምሳ ነው። ሰባተኛው ጋ ስትደርስ እኮ አልፋ ነበር አለ መምህሩ።

ጠርተው አስገቧት። የሬጅስትራሩ ሰው ማይክሮስኮፕ መንካት ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያ አይታው እንደነበር ጠየቃት።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች።

ይህም ተጻፈ። እትዬ ስላይድ «እኔ እያለሁ» ወዳላት ኃላፊ ዞር ብላ አየች። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ እያጸዳ ነበር፤ ለረዥም ጊዜ አጸዳው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም። ኮሚቴው ሰባተኛው ጥያቄ ጉድለት ስለነበረበት ለአሥራ ሦስቱ ተማሪዎች ሙሉ ነጥብ እንዲሰጥ፣ ጉድለቱን ያስተካከለችው ተፈታኝ ግን በደንቡ መሠረት በተግባር ፈተናው ዜሮ እንድታገኝ ወሰነ። በማግስቱ ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ ለኮምፒውተር ክፍሉ ሰው አስረከበች። ሰውየው አፍሮ በሁለት እጁ ተቀበላት። መንገድ ላይ እጇ በየአሥር እርምጃው ወገቧን ይዳብስ ነበር። ቤቷ ገብታ አለቀሰች።

ግምጃ ቤት አራት ወር ተቀመጠች። ወንበሮቹን እግራቸው ባለበትና በሌለበት ለይታ ደረደረች። ትምህርቱንም እንደገና ተመዘገበች፤ በሚቀጥለው ጊዜ ካለፈች ቁልፉ ይመለስላታል ተብሏል። ላብራቶሪው ውስጥ በበኩሉ የኮምፒውተር ክፍሉ ሰው በአውራ ጣቱ አሥራ አንድ መስተዋት ሰበረ። ከሁለት ማይክሮስኮፖች ጠቋሚዋ ፀጉር ወድቃ ጠፋች፤ የሚተካበት ፀጉር ደግሞ ራሱ ላይ የለም። የፈተናው ሳምንት ሲደርስ ለፈተና የሚሆን አንድም ስላይድ አልነበረም።

መምህሩ ወደ ግምጃ ቤቱ መጣና ከሚቆሙት ወንበሮች አንዱ ላይ ተቀመጠ። ኃላፊው የላከው ሁለት ምርጫ ይዞ ነው። ወይ ተፈትና አልፋ የምስክር ወረቀቷንና ቁልፏን በደንቡ ታገኛለች፤ ወይ ፈተናውን አሁን ታዘጋጃለች፤ ታዲያ አዘጋጅ ተፈታኝ መሆን አይችልምና ትምህርቱ ይሰረዝባታል። መምህሩ እንድትፈተን ለመናት። ውጤቷን በዐይኑ አይቷል፤ በእርግጠኝነት ታልፋለች።

«እኔ ከተፈተንኩ ማነው የሚያዘጋጀው?» አለች።

መምህሩ «ያው የኮምፒውተሩ ሰው» አለ።

«ፕላስተሩንስ?»

መምህሩ እጁን አየ። እሷም ተነስታ ጋወኗን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

ደብዳቤው በማግስቱ ደረሳት። «ብቁ ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ በጊዜያዊነት የላብራቶሪውን ሥራ እንዲያከናውኑ» ይላል። ቁልፉ ከነክሩ ተመለሰ። ወገቧ ላይ አሰረችውና ሁለት ጊዜ ዳበሰችው። ብቁ ባለሙያው እስከ ዛሬ እየተፈለገ ነው፤ ደብዳቤውም በየስድስት ወሩ ይታደሳል፤ ኃላፊው በየስድስት ወሩ ሲፈርም «አላልኩሽም?» ይላታል።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰባተኛውን ማይክሮስኮፕ ፈታችው። ፀጉሩ ከወደቀባቸው አንዱ እሱ ነው። ከራሷ ላይ አንድ ነቀለችና መብራት ላይ ያዘችው፤ ነጭ ነው። ሌላ ነቀለች፤ እሱም ነጭ። ሌንስ ውስጥ ከብርሃኑ ጋር አንድ ይሆንና አይታይም። አራተኛውን ስትነቅል በሩ ተከፈተ፤ ልጇ ከሦስት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ገባች። እናት በልማዷ ፊቷን ወደ ሥራዋ አዞረች፤ ውሉን አልረሳችም።

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ነጫጭ ፀጉሮች አየች። ጓደኞቿን እዚያው በሩ ጋ ትታ መጣችና ራሷን አጎነበሰችላት።

«እማዬ፣ ከእኔ ንቀይ» አለች፤ ሦስቱም እየሰሙ። «ግማሹ ያው ያንቺ ነው።»

እትዬ ስላይድ እጇን በጋወኗ ጠረገች። ከዚያ ከልጇ ግንባር በላይ አንዲት ጥቁር ፀጉር መርጣ ነቀለች፤ በልኩ ቆረጠቻት፤ የጥፍር ቀለሙንም ክዳን ከፈተች።